ለበርበራ መንገድ የተቀነሰ ንፋስ

አስረስ ሲደነግጥ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ይጭናል። እጁ ደግሞ የጎሚስታ እጅ ነው፤ ከጎማ ጥላሸት ጋር ከተጋባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ሀርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ አስረስ ዛሬ ደንግጦ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ግንባሩን አይቶ ማለፍ ነው። ፍየል ከኋላው ካስነጠሰች ይደነግጣል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ከተንቀጠቀጠ ይደነግጣል። ሚስቱ ዳግማዊት «ሰው እኮ ለራሱ ደንግጦ ይበቃዋል፤ አንተ የሰፈሩን ሁሉ ድርሻ ነው የምትደነግጠው» ትለዋለች። ጎማ አጠገቡ ሲፈነዳ ግን ዞር ብሎም አያይ። «እሱማ ሥራ ነው» ይላል።

ከጎጃም የወጣው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ጂጂጋ ከረመ፣ በውጫሌ በኩል ድንበሩን ተሻገረ፣ ሀርጌሳ ገብቶ አንድ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ተሸከመ። ከዚያ ሐጂ አዋሌ አገኙት። ሐጂ አዋሌ በጉልምስናቸው ከበርበራ እስከ አዲስ አበባ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸውን የተማሩት አዋሽና ናዝሬት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ስለሆነ ስድቡ ከሰላምታው ይበዛል።

«አንተ ሐበሻ፣ ይሄን የመሰለ ጡንቻ ለድንጋይ ታባክናለህ? ድንጋይ መች ያመሰግናል! ና ጎማ ፍታ!» አሉትና ከግቢያቸው አጥር ሥር፣ ከመንገዱ ዳር፣ ኮምፕሬሰራቸው አጠገብ አቆሙት። ያው እንደቆመ ቀረ።

እዚህ ከተማ ሰው ሲያጠፋ ብቻውን አይቆምም። ዘመዱ አብሮት ይቀመጣል፣ ጎሳው ይቆምለታል፤ ጥፋቱ ለብዙ ትከሻ ይከፋፈልና ሸክሙ ይቀላል። አስረስ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። አጎቶቹ ያሉት ዳንግላ ነው፤ እሱ ሀርጌሳ ላይ ቢሰናከል እነሱ የሚሰሙት በዓመቱ ነው። እዚህ ያለው ሀብት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «አስረስ ያሰረው ጎማ አይወልቅም» የምትል። ቃሏን የሰጡት ሹፌሮቹ ናቸው፣ የሚነጥቁትም እነሱው ናቸው። ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ቡሎን አጥብቆ ካበቃ በኋላ ተመልሶ አንድ ዙር የሚያጠብቀው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ስለ በርበራ መንገድ ሳይወራ የአስረስ ወሬ አይሟላም። ሀርጌሳ ከፍታ ላይ ናት፤ ማለዳ ማለዳ ጃኬት ታስለብሳለች። በርበራ ባሕሩ ዳር ናት፤ በበጋ ሰው ታበስላለች። ወደዚያ የሚወርድ ሹፌር ሁሉ አንድ ፍርሃት አለው፤ በሙቀቱ ንፋሱ ያብጥና ጎማው ይፈነዳል ብሎ። ስለዚህ ከመውረዱ በፊት አስረስ ዘንድ ይቆማል። ከመኪናው አይወርድም። ክንዱን በመስኮት አውጥቶ መዳፉን ዝቅ፣ ዝቅ ያደርጋል፤ «ቀንስልኝ» ማለቱ ነው። አስረስም አራቱንም እየዞረ ጭስስስ ያደርጋቸዋል። አይከፈልበትም፤ የመንገድ ምርቃት ነው። ሌላው በአፉ «በሰላም ግባ» ይላል፤ አስረስ በንፋስ ይላል።

ናይማ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች አዋላጅ ናት። ሀርጌሳ፣ 31 ሜይ የሚባለው ሰፈር ትኖራለች፤ በሳምንት ሁለት ቀን በርበራ ወርዳ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። የሐጂ አዋሌ የእህት ልጅ ናት። የአስረስን ልጅ ዳሚ ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤቱ ውስጥ ያዋለደችው እሷ ናት፤ ሕፃኗ እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ሰማያዊ ሆና ነበር የወጣችው። አስረስ ደጅ ላይ ደርቆ ቀርቷል። በሩ ተከፈተና ናይማ ላቧን በክርኗ እየጠረገች ብቅ አለች።

«አቦ እጅህን ከአናትህ አውርድ! ሴት ልጅ አለችህ። ድምጿ እንዳንተ አይደለም፤ ትጮኻለች።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዚህች ሴት ምን ላድርግላት ሲል ይኖራል። መጀመሪያ ላይ «እርስዎ» ይላት ነበር። «ማነው እርስዎ? ድሬዳዋ ላይ እርስዎ የሚባል ሰው አልተወለደም» ብላ አስተወችው። «ሲስተር» ማለቱን ግን ልታስተወው አልቻለችም።

አንድ ጠዋት አስረስ አጎንብሶ ካላማዳሪያ ሲለጥፍ የመኪና ክላክስ እጀርባው ላይ ጮኸ። ዘሎ ተነሣ። ነጭ መኪና ከወገቡ አንድ ክንድ ርቃ ቆማለች! ስትመጣ ሞተር አልሰማም፣ ምንም አልሰማም። ናይማ መሪው ላይ ተደፍታ ትስቃለች።

«ሲስተር! ሞተር አጥፍተሽ ተንሸራተሽ ነው የመጣሽው?»

«የዚች ሞተር ነዳጅ አይጠጣም። ኤሌክትሪክ ነው። ማታ እንደ ስልክ እሰካዋለሁ፣ ጠዋት እነዳዋለሁ።»

እንዲህ ያሉ መኪናዎች ከተማው ውስጥ ብቅ ብቅ ማለታቸውን ሰምቷል እንጂ እጁ ላይ ወድቀው አያውቁም። ይቺኛዋ ከቻይና በዱባይ በኩል የመጣች ናት፤ ስክሪኗ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ቻይንኛ ነው። ናይማ የገዛቻት ከሌላ ሰው ላይ ነው። የፊት ጎማዋን ድንጋይ ሸርክቶታል፣ የሌሎቹም ጥርስ አልቋል። አራቱም መቀየር አለባቸው።

አስረስ እጁን አራገፈና ክሪኩን እንደለመደው ከመኪናዋ ሆድ ሥር ገፋው።

«ተው! ተው! ያረቢ! እዚያ አይደለም!» ናይማ ጮኸች። «ወለሉ ሙሉ ባትሪ ነው! ባትሪውን ከወጋኸው እኔም የለሁ፣ አንተም የለህ፣ የአጎቴም አጥር የለ!»

«ሙሉ ወለሉ?»

«ከፊት እስከ ኋላ።»

ክሪኩን እንደ እባብ ጅራት ቀስ አድርጎ ሳበ። ጠርዙ ላይ የተሠራላትን ቦታ ዳብሶ አገኘና እዚያ ደገፋት። ማንሣት ሲጀምር ክሪኩ አቃሰተ። ሌላውን መኪና እንደ ዶሮ ብድግ የሚያደርግ ክሪክ፣ ይቺን ሲያነሣ እንደ አዛውንት «እህ» አለ። «ግመል ውጣለች እንዴ?» አለ አስረስ።

ጎማውን ከቸርኬው ሲያላቅቀውማ የባሰ መጣ። ከጎማው ሆድ ውስጥ ስፖንጅ! ዙሪያውን የተለጠፈ ወፍራም ስፖንጅ፣ ልክ እንደ ፍራሽ። አስረስ ግራና ቀኝ አየ፣ ድምፁን ቀነሰ። በድንበሩ በኩል ሾልኮ የሚመጣ ዕቃ እንዳይንኳኳ ጎማ ውስጥ በስፖንጅ ተጠቅልሎ እንደሚገባ ሰምቷል።

«ሲስተር፣ አደራሽን፣ እኔ ልጅ አለኝ። ውስጡ ያለውን ነገር እኔ አላየሁም፤ ቶሎ በይና ውሰጂው።»

ናይማ ሆዷን ይዛ ቁጭ አለች። «ወላሂ አንተ ትገድለኛለህ! ኮንትሮባንድ አይደለም። ሞተሩ ስለማይጮህ የጎማው ጩኸት ጆሮ ይበላል፣ እሱን እንዲውጥ ነው ያደረጉት።»

ጫጫታ የሚውጥ ፍራሽ! አስረስ ያን ቀን ግንባሩ ላይ የቀረ ንጹሕ ቦታ አልነበረም።

አዲሶቹን ጎማዎች የሸጠላት ሊባን ነው። ሊባን ከመንገዱ ማዶ የጎማ ሱቅ አለው። ሸሚዙ ምን ጊዜም ነጭ ነው፤ ጎማ ይሸጣል እንጂ ጎማ ነክቶ አያውቅም። ከአስረስ ጋር አይጣሉም፣ አይዋደዱም፤ ሰላምታ የሚመልስለት በቅንድቡ ነው። ያን ቀን ግን መንገዱን ተሻግሮ መጣና የሹፌሩን በር ከፈተ። ጠርዙ ላይ የተለጠፈችውን፣ የጎማው ንፋስ ልክ የተጻፈባትን ወረቀት አሳየው። ቻይንኛውን የሚያነብ የለም፤ ቁጥሩ ግን 290 ይላል።

«ይሄ በእናንተ መለኪያ አርባ ሁለት ነው፤ በስልኬ አስልቼዋለሁ» አለ በሶማልኛ። «መኪናው ከባድ ነው። ከዚህ እንዳታሳንስ።»

«አርባ ሁለት!» አለ አስረስ። ሌላውን መኪና ሠላሳ ነው የሚሞላው። «አርባ ሁለት እኮ ጎማ አይደለም፣ ቦንብ ነው።»

ሊባን በቅንድቡ መለሰለትና ተመልሶ ማዶ ተሻገረ። አስረስም አርባ ሁለት ሞላ። ሞላ፣ ግን ልቡ አላረፈም።

ናይማ በርበራ የምትወርድበት ቀን ጠዋት ሰላም ልትለው ቆመች። ስልኳ ጠራ። እሷ ስታወራ እሱ እንደ ልማዱ አጎነበሰ፤ አንዱን ጭስስስ፣ ሁለተኛውን ጭስስስ። አራቱንም ሃያ ስምንት ላይ አወረዳቸው። አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራት። ስጦታ ይነገራል እንዴ? ልጁን በእጇ ይዛ ከሞት ያወጣች ሴት በእሳት መንገድ ላይ ቦንብ ተሸክማ ስትወርድ ቆሞ ሊያይ ነው? በሳምንት ሁለቴ፣ ሌላ ጎሚስታ ሞልቶባት እንደሆነ እየለካ፣ ከሃያ ስምንት እንዳያልፍ ጠበቀላት።

አንድ ቀን ናይማ ስክሪኑን አሳየችው። ቢጫ ምልክት በርቷል፤ አፉ የተከፈተ ድስት የመሰለ፣ መሐሉ ላይ ቃለ አጋኖ ያለበት።

«ይሄ ምንድን ነው? ሰሞኑን በርቶ ቀረ።»

አስረስ አየው። የጎማ ነገር መሆኑን ጠርጥሯል። «ተይው ሲስተር። የቻይና መኪና በርበራን የት ያውቃታል? ቀዝቃዛ አገር መስሎት ነው።»

ተወችው። አስረስ ያለውን ማን ይጠረጥራል!

አምስት ወር አለፈ። ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ የኋላ ጎማዋ እንደ ጨርቅ ተተረተረ። መኪናዋ አንዴ ዞረች፣ ደግማ ዞረችና ከአስፋልቱ ወጥታ አንድ ግራር ሥር ቆመች። ናይማና አብራት የነበረች ነርስ ቆዳቸው ሳይላጥ ወጡ። መኪናዋ በከባድ መኪና ተጭና አሕመድ ዳጋህ ስትደርስ አስረስ መፍቻውን ጥሎ ሮጠ። ናይማ ከከባዱ መኪና ጋቢና ወረደች። ከንፈሯ ደርቋል።

«ሲስተር…»

«ዛሬ አታናግረኝ አስረስ። ዛሬ ከግራሩ ጋር ፊት ለፊት ተያይቻለሁ።»

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ሐጂ አዋሌ አጥር ሥር ተቀመጡ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ቢያንስ ሁሉም ግልጽ ነው ብሎ ነበር የመጣው። የአምስት ወር ጎማ ግራና ቀኝ ጠርዙ ተላጭቶ አልቋል። አዲስ ጎማ እንዲህ አይሆንም። ስለዚህ ሊባን ያረጀ ጎማ ጥርሱን በቢላ አስቀርጾ አዲስ ነው ብሎ ሸጦላታል። ሐጂ አዋሌ ለእህታቸው ልጅ ቆመው ይህንኑ ተናገሩ። ከሊባን ወገን የመጡት ሁለት አዛውንቶች አንገታቸውን ደፉ። ሊባን ላቡ ነጩን ሸሚዝ አጣብቆታል።

«ወላሂ፣ ቢላሂ፣ አዲስ ነው! ላስቲኩ ሳይቀደድ ነው ያወጣሁት!»

«ላስቲኩንም አንተው አልብሰኸው ይሆናላ!» አለ ከዳር የቆመ ሹፌር። ሰዉ ሳቀ። መንገድ ላይ ያለ ሹፌር ሁሉ መኪናውን አቁሞ ተሰብስቧል፤ እንዲህ ያለ ነገር ማን ያመልጠዋል?

ሐጂ አዋሌ በከዘራቸው አስረስን ጠቆሙ። «ይሄ ሐበሻ የማንም ዘመድ አይደለም። አያዳላም። ያልፈነዳውን ሌላውን የኋላ ጎማ ይክፈተው፣ ያየውን ይንገረን። እሱ ካለ አለ ነው።»

አስረስ ይህን ሲሰማ ደረቱ ሞላ። በሱ ቃል ሊፈረድ! ደግሞ እውነቱን ለመናገር ውስጡ ትንሽ ጨፍሯል፤ እስቲ በቅንድቡ ሰላም የሚል ሰው ዛሬ ደግሞ አፉን ከፍቶ ይለምን እንደሆነ እናያለን ብሎ። እጅጌውን ጠቀለለ። መጀመሪያ ጎን ላይ ያለውን የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚያሳየውን ቁጥር አነበበ። ቅርብ ነው። «ቁጥሩ አዲስ ነው» አለ። «ቁጥር ይቀረጻል» አለ ያው ሹፌር። የቢላ ምልክት ፈለገ፤ የለም። ከዚያ ጠርዞቹን አየ። ሁለቱ ጎንና ጎን ተላጭተዋል፤ መሐሉ ግን ጥርሱ እንዳለ ነው፣ ጣት ያስገባል።

እዚህ ላይ እጁ ትንሽ ዘገየ።

ብረቱን አስገብቶ ጎማውን ከቸርኬው አላቀቀ፣ ገለበጠው። ከጎማው ውስጥ ጥቁር ዱቄት ፈሰሰ። እንደ ተፈጨ ከሰል የላመ ጥቁር ዱቄት፣ በጣቶቹ መሐል እየሾለከ መሬቱ ላይ ተቆለለ።

«ሱብሓነላህ! ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ከሊባን ወገን ያሉት አዛውንት።

ማንም አያውቀውም። ሊባን እንኳ አያውቀውም፤ ጎማ ከፍቶ አያውቅማ። አስረስ ግን ያውቀዋል። ይህን ዱቄት ስንት ጊዜ እፍኝ ሙሉ አንሥቶ በሹፌሮች አፍንጫ ሥር አቅርቦ ተሳድቦበታል! «እየው፣ ንፋስ የሌለው ጎማ እየነዳህ ጎኑ እርስ በርሱ ተፋጭቶ ያመጣው ነው። ጠርዙ የሚላጨውም ለዚህ ነው። ጎማ የሚሞተው በንፋስ እጦት ነው፣ ደደብ!» እያለ።

ንፋስ የሌለው ጎማ። ይቺን መኪና ንፋስ ያሳጣት ማነው?

እጁ ወደ አናቱ አልወጣም፤ ዱቄቱን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁለቱን ነገር ለየብቻ ያውቅ ነበር፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ እንደሚሞት ያውቃል፣ ለበርበራ መንገድ ንፋስ እንደሚቀነስም ያውቃል። ሁለቱ አንድ ቀን እንኳ ተገናኝተው አያውቁም! ሌሎቹ መኪናዎች ቀላል ስለሆኑ፣ ጎማቸውም ድሮውኑ ያገለገለ ስለሆነ፣ ሲፈነዳ ሁሉም ሙቀቱን ረግሞ ያልፍ ነበር። ይቺ ግመል የዋጠች መኪና ግን አጋለጠችው። ጎማው የፈነዳው ከመጠን በላይ ስለተነፋ አይደለም። እሱ ስላስተነፈሰው ነው፤ እሱ፣ በገዛ እጁ፣ ለምርቃት ብሎ።

«አስረስ፣ እኮ ተናገር!» አሉ ሐጂ አዋሌ።

ናይማን አያት። ሊባንን አየው። «የበሰበሰ ጎማ ነው» ቢል ያልቃል። ማንም አይከራከረውም። ሊባን ወገን አለው፤ ያካፍሉታል፣ ይቀልለታል። እሱ ግን ያቺን አንዲት ቃል ካጣ ነገ ድንጋይ ተሸካሚ ነው፤ ያውም አርባ ሦስት ዓመት በሆነው ወገብ።

«ጎማው አዲስ ነው» አለ። «ሊባን አልዋሸም። የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ ንፋሱን የቀነስኩት። አርባ ሁለት ሙላ አለኝ፣ ሃያ ስምንት አደረግሁት። በየሳምንቱ። ሲስተር አላወቀችም። መብራቱ በርቶ ስትጠይቀኝም ተይው ያልኳት እኔ ነኝ። በሙቀት እንዳይፈነዳባት ብዬ ነው።» ዱቄቱን ለሽማግሌዎቹ ዘረጋው። «ይሄ የእኔ እጅ ሥራ ነው።»

ከሊባን ወገን የመጡት አዛውንቶች ዱቄቱን በጣታቸው እየነኩ ተያዩ።

ናይማ ተነሥታ መጣች። ፊቱ ቆመች። «አምስት ወር ሙሉ? እኔ ስልክ ሳወራ?»

«አዎ።»

«ቢጫው መብራት ትክክል ነበር?»

«ትክክል ነበር።»

«አስተግፊሩላህ! ልጅህን ያወጣሁልህ እኔን ልትገድል ኖሯል?»

አንገቱን ሰበረ። ይህን ጊዜ ነው ከዳር ሆኖ ሲያሽሟጥጥ የነበረው ሹፌር ድንገት ዞሮ ወደ መኪናው የሄደው። አጎነበሰ፣ የጎማውን ጠርዝ በጣቱ ዳበሰ። ሌላውም ተከተለው። ሦስተኛውም። ከአፍታ በኋላ መንገዱ ዳር ያለ ሹፌር ሁሉ ተንበርክኮ ጎማ ይዳብሳል። «ያ ሰላም! የኔም ተላጭቷል!» «የኔም!» «አንተ አስረስ፣ ምን አደረግኸን?» «አንተስ መች ቀንስልኝ ማለት ትተህ ታውቃለህ?» እርስ በርስ ተንጫጩ።

ሐጂ አዋሌ ከዘራቸውን መሬት መቱ። «ዝም በሉ! ጥፋት አለ፣ አጥፊ አለ። ሕጉ ያው ነው። ለዚህ ሰው ማን ይቆማል?»

ማንም። የሰማኸውን ጥያቄ መልስ ቀድመህ ስታውቀው እንዴት ያማል! አስረስ መሬቱን አየ። አጎቶቹ ዳንግላ ናቸው። ሐጂ አዋሌ ራሳቸው የከሳሿ አጎት ናቸው፤ ሊቆሙለት አይችሉም፣ ዓይናቸውም መሬት ላይ ነው።

«እኔ» አለ አንድ ሰው በአማርኛ።

ሁሉም ዞረ። ሊባን! ላብ የጠጣ ነጭ ሸሚዙን እያስተካከለ ተነሥቷል። አማርኛ እንደሚችል ማንም አያውቅም ነበር፤ ሦስት ቃል ቢሆን ነው። የቀረውን በሶማልኛ ቀጠለ። «ዝም ቢል ኖሮ እኔ ሌባ ተብዬ እቀር ነበር። ልጆቼም የሌባ ልጅ። እሱ ግን ራሱን አቃጥሎ እኔን አወጣኝ። ዛሬ ዘመዱ እኔ ነኝ።»

አስረስ ያኔ ነው ሁለት እጁን አናቱ ላይ የጫነው።

ሽማግሌዎቹ ተሰባስበው ለረጅም ጊዜ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ሐጂ አዋሌ የሽማግሌዎቹን ፍርድ አሰሙ፤ ጎማዎቹን ሊባንና አስረስ በጋራ ይተካሉ። «ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱን ደግሞ ስማ። የሰው እምነት በአፍ ፈርሶ በአፍ አይገነባም። ጎማውን አንተው ትገጥማለህ፣ ንፋሱን አንተው ትሞላለህ፣ የተጻፈውን ያህል። ከዚያ ከናይማ ጋር ተቀምጠህ በርበራ ትወርዳለህ። የሞላኸው ከፈነዳ አብረህ ትፈነዳለህ። ናይማ፣ ይስማማሻል?»

ናይማ ክንዷን አጣምራ «ከፊት ወንበር ይቀመጥ» አለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለበርበራ መንገድ ንፋስ ሲቀንስ የኖረው ሰው በርበራን አይቷት አያውቅም! ቀኑ ሲደርስ በጠዋቱ ብርድ አራቱንም አርባ ሁለት ሞላ፣ ለካ፣ እንደገና ለካ። ዳግማዊት መጥታ ልጇን አቅፋ ቆማለች፤ ምንም ሳትቀልድ አማተበች። ናይማ «ቢስሚላህ» ብላ ነዳች። አስረስ የበሩን እጀታ እንደ መስቀል ጨብጧል።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ሙቀቱ በመስኮቱ መጣ። አስፋልቱ ከሩቅ ውሃ ይመስላል። ያንን ግራር አልፈው ሲሄዱ ሁለቱም ያላዩት መሰሉ፤ ሁለቱም አይተውታል። ሦስት ጊዜ አስቁሟት ወርዶ ጎማ ዳበሰ። አራተኛው ላይ ናይማ «ወላሂ ደግመህ ብታስቆመኝ እዚሁ ትቼህ ነው የምሄደው» አለችው።

በርበራ ሲደርሱ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ናይማ ክሊኒኳ ገባች። አስረስ መኪናዋ አጠገብ ተንበረከከና መለኪያውን ሰካ። አርባ ሰባት! ዓይኑን አሸ። አርባ ሰባት። ንፋሱ እውነትም አብጧል። ጎማው ግን ልክ እንደ ጠዋቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጎኑ አልረገበም፣ እጁን ሲያስጠጋው ከአስፋልቱ ብዙም አይሞቅም። እስኪፈነዳ ጠበቀ። አልፈነዳም። ላቡ ጉልበቱ ሥር ኩሬ እስኪሠራ ጠበቀ። አሁንም አልፈነዳም። ሁሉ ነገር፣ ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ጭስስስ…

ስልኩ ተንቀጠቀጠ፤ አስረስ ዘለለ። ሐጂ አዋሌ ናቸው።

«ሞትክ?»

«ኧረ ደርሰናል።»

«ቁጥሩ ስንት ነው? ሊባን እዚህ ጥፍሩን ጨርሷል፤ እንካ አናግረው።»

«አስረስ!» አለ ሊባን። ስሙን ሲጠራው ይህ የመጀመሪያው ነው። «ስንት ይላል?»

«አርባ ሰባት።»

በስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ፤ ወንበር መሰለው። ጎማ የሚሸጠው፣ ከዚህ እንዳታሳንስ ብሎ የመከረው፣ ለአስረስ ቆሞ ዘመዱ ነኝ ያለው ያ ነጭ ሸሚዝ ለባሽ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጮኸ። «አርባ ሰባት? ያ አላህ! ራቅ በል ከሱ! አይ፣ አይ፣ ቀንሰው! ቶሎ በል ቀንሰው!»

አስረስ ጎማውን አየ። ጣቱ በልማድ ንፋስ መግቢያው ላይ አርፎ ነበር፤ አነሣው።

«አልቀንስም» አለ።